ለሽልማት ያስገባሁት ዘገባና የደበዘዘው ደረሰኝ

ሰዓቱ ከሌሊቱ 8:40 ነው። የካቲት 21 ለ22 አጥቢያ፣ 2011 ዓ.ም.። ኮምፒውተሬ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር 71 በመቶ ላይ ቆማ ንቅንቅ አልል ብላለች። የምልከው የ28 ደቂቃ የሬዲዮ ዘገባ ነው። ውድድሩ የሚዘጋው በግሪንዊች ሰዓት 23:59 ላይ ነው። በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። የቤቴ ዋይፋይ ከምሽት ጀምሮ የለም። በስልኬ ዳታ ነው እየገፋሁ ያለሁት።

አቋረጥኩት። ድምፁን ወደ አነስተኛ ኤምፒ3 ቀይሬ እንደገና ሰደድኩ። 9 ሰዓት ሊሆን 6 ደቂቃ ሲቀረው «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ኢሜይል ገባ። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ልብ በሉ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። ሦስቱን ሳምንት ምን በላው? ልንገራችሁ።

ዘገባው ሐይቅ አካባቢ የምትኖር የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። ደሴን አልፎ ያለው ሐይቅ። ስሟን እዚህም አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። መንግሥት በ2006 መጀመሪያ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን ከልክሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ክልከላው የተነሣው በ2010 ነው። ደላሎቹ ግን በመሃሉ አንድም ቀን ሥራ አልፈቱም። ልጅቷ በ2008 በአፋር አድርጋ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ ገባች። ሁለት ዓመት ሠርታ ባዶ እጇን ተመለሰች። ዘገባዬ የተከተለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤተሰቧ በሬ ሸጦ ለደላላው የከፈለው ብር።

ከተላለፈ በኋላ ኤዲተራችን ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። «ይቺን ለውድድር አስገቢያት» አለኝ። እኔ ሽልማት የሚባለውን ነገር የማየው እንደ ሎተሪ ነበር። የስም ትውውቅ ግን አለኝ። የአውሮፓ ኮሚሽን በፈረንጆቹ 1992 የጀመረው ሎሬንዞ ናታሊ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት ከ2015 ወዲህ በሠራተኞች ፍልሰት ላይ የሚያወዳድረው አለ። ቢቢሲ በጋናዊው ጋዜጠኛ በኮምላ ዱሞር ስም የሚሰጠውም አለ፤ እሱ እንኳ የሚመርጠው አንድን ዘገባ ሳይሆን ጋዜጠኛውን ነው። እኔ የገባሁበት ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ስሙን የማልጠራው ትንሽ ስለማማው ነው።

መጀመሪያ የጣለኝ ቀን ነው። ውድድሩ የሚቀበለው በ2018 ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 የተላለፈ ሥራ ነው። የእኔ የተላለፈው ታኅሣሥ 22 ማታ ነበር። ቆጠርኩት። ዲሴምበር 31! በአንድ ቀን ተረፍኩ ብዬ ሳልጨርስ፣ ድረ ገጻችን ላይ የተጫነው በማግስቱ መሆኑን አየሁ። ሊንኩ ጃንዋሪ 1፣ 2019 ይላል። ስለዚህ «በዚህ ቀን በአየር ላይ ውሏል» የሚል ደብዳቤ ከጣቢያው ማጻፍ ግድ ሆነ።

ደብዳቤው በሁለት ቀን ተጻፈ። ማኅተም ተመታበት፣ ስካን ተደረገ። ልልከው ስል ዓይኔ ቀኑ ላይ አረፈ። «22/04/2011» ይላል። ለእኛ ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው። ፈረንጅ ግን ኤፕሪል 22፣ 2011 ብሎ ነው የሚያነበው። ሰባት ዓመት ያለፈው ዘገባ ልልክ ነበር! ደብዳቤው እንደገና ተጻፈ። ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ሄዷል። ሌላ ሁለት ቀን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ፋይሌን በሁለቱም አቆጣጠር ነው የምሰይመው።

ቀጥሎ ትርጉም። ሥራው በአማርኛ ከሆነ ሙሉ የእንግሊዝኛ ስክሪፕት ይጠየቃል። ከኪሴ ከፍዬ ለአንድ ተርጓሚ ሰጠሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀቱን እንጂ ድምፁን አልሰጠሁትም። ልጅቷ አንድ ቦታ ላይ «የዚያን ቀኑንማ ሆድ ይፍጀው» ትላለች። ትርጉሙ ላይ ሆዷን አሟት መጣ። ይሄስ ያስቃል። የባሰው «ደላላ» የሚለው ቃል ነው። በሄደበት ሁሉ «ሕገ ወጥ የሰዎች አዘዋዋሪ» ሆኗል። ይህን ያነበበ ዳኛ የሚታየው በረሃ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ነው። የእኛ ደላላ ግን ከእናቷ ጋር አንድ ቅሬ ውስጥ ያለ ጎረቤት ነው። ወሎዎች ዕድርን ቅሬ ነው የሚሉት። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ለሐዘንተኛ ቡና ይዞ የሚመጣ። የታሪኩ ጉድ እሱ ነበር። እሱ ከጠፋ ምን ቀረ?

ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ራሴ አስተካከልኩት። «ደላላ»ን እንዳለ ተውኩትና በሁለት አረፍተ ነገር ማንነቱን አብራራሁ። እናቷ ስለተሸጠው በሬ ስትጠየቅ ዝም የምትልበት ቦታ አለ። በሬዲዮ ያ ዝምታ ከንግግሩ ሁሉ ይበልጣል። ወረቀት ላይ ግን የለም። ሰዓት ይዤ ለካሁትና «ለ7 ሰከንድ ዝም ትላለች» ብዬ ጻፍኩ።

ፎርሙ ላይ «ዘገባው ምን ለውጥ አመጣ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ፈጠን ብዬ «በኅብረተሰቡ ዘንድ ከፍተኛ ግንዛቤ ፈጥሯል» አልኩ። ከዚህ በፊት ተወዳድራ የምታውቅ ጓደኛዬ አየችውና ሳቀች። «ይሄ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው እንዴ? ማን ደወለ? ማን ምን አደረገ?» የጣቢያውን የስልክ መዝገብ አገላበጥኩ። ዘገባውን ሰምተው የደወሉ 11 ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ ወላጆች ናቸው፤ ኤጀንሲ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑ እንዴት ይታወቃል ብለው ነው የጠየቁት። እሷን ጻፍኩ፣ ሌላ አልጨመርኩም። ትንሽ ናት። ግን እውነት ናት።

አሁን ወደ ደረሰኙ እንምጣ። ሦስቱን ሳምንት የበላው እሱ ነው።

«ለዋና ዋና መረጃዎች ማስረጃ ያያይዙ» ይላል ፎርሙ። ዘገባው ላይ በራሴ ድምፅ «18 ሺህ ብር ከፍለዋል» ብያለሁ። የባንክ ደረሰኙን በዓይኔ አይቻለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ። ፎቶ ግን አላነሣሁትም! ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር እኮ። የዚያን ቀን ሐይቁን ሦስት ጊዜ ፎቶ አንሥቻለሁ።

በስልክ ልካቸው ብዬ ሞከርኩ። ቤት ያለው ቀፎ ካሜራ የለውም። አውቶብስ ተሳፈርኩ። እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በሚኒባስ ሐይቅ። እናቷ ከሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከላይ የክትባት ካርድ አለ፣ ከሥሩ የቤት ግብር ወረቀት፣ ከሁሉ ሥር ደረሰኙ። ቀለሙ ለቋል። ቢጫ ወረቀት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል።

«ልጄ፣ ብርሃን ላይ ያዢው» አሉኝ። ደጅ ወጥተን ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። ልጅቷ አንዱን ጠርዝ ያዘችልኝ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። አንድ፣ ስድስት፣ ከዚያ ዜሮዎች።

16 ሺህ።

ልቤ ድው አለ። ሁለት ሺው የት ሄደ?

«እሱማ በእጅ ነው የተሰጠው» አለች ልጅቷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ለደላላው እህት።»

«ሰው አይቷል?»

«ማን ያያል? ማታ ነበር።»

አልዋሸችም። እኔም አልዋሸሁም። በመጀመሪያው ቀን ድምሩን ነገረችኝ፣ ደረሰኝ አሳየችኝ፣ እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ሄድኩ። አዲስ አበባ ስመለስ ማመልከቻው ላይ «16 ሺህ በባንክ፣ 2 ሺህ ደግሞ ቤተሰቡ እንደሚለው በእጅ» ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩ ፕሮግራም ላይም በአየር አረምኩት። ኤዲተራችን ደስ አላለውም። «ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። ግን አስተላለፈው።

ያን ሰሞን አፋችን ላይ የነበረው የጀርመኑ ጋዜጠኛ ክላስ ሬሎሺየስ ነው። በዲሴምበር 2018 መጀመሪያ የአገሩን የሪፖርተሮች ሽልማት ለአራተኛ ጊዜ ወሰደ። በዚያው ወር 19ኛው ቀን፣ የሚሠራበት ዴር ሽፒግል መጽሔት ራሱ ሰውየው ታሪክ ሲፈጥር እንደኖረ አወጀ። የነቃበት አብሮት የሠራው ሁዋን ሞሬኖ ነው። በወጉ የሰማውም አልነበረም፤ በራሱ ወጪ ዞሮ ነው ያረጋገጠው። እኔ ምንም አልፈጠርኩም። ግን ውጭ አገር ለተቀመጠ ዳኛ፣ ደረሰኙ ከሌለ፣ በእኔና በሬሎሺየስ መካከል ያለው ልዩነት «እመኑኝ» የሚለው ቃሌ ብቻ ነው።

ሐይቅ በመሄዴ ሌላም ነገር ተገኘ፤ ሳልሄድ ቢሆን ኖሮ የማፍርበት። የውድድሩ ደንብ ያለፉ ሥራዎች ከነፎቶው በኢንተርኔትና በመጽሔት ይወጣሉ ይላል። ዘገባው ላይ የልጅቷ ስም ተጠርቷል። ፈቅዳ ነው። ስለዚህ መጠየቁ ለይስሙላ ነው ብዬ ነበር። ሚኒባስ ልትሸኘኝ ስትወጣ ነገርኳት። ቆመች።

«እኔ ለሬዲዮ ነው ስሜን የሰጠሁ» አለችኝ። «ሬዲዮ ተናግሮ ያልፋል። ኢንተርኔት ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።»

እንደ እሷ አድርጎ የነገረኝ አሰልጣኝ አላጋጠመኝም። ስሟን ከስክሪፕቱ አወጣሁ፣ ድምፁም ላይ ቆረጥኩት። ማንነቷን ኤዲተሩ እንደሚያውቅ የሚገልጽ ደብዳቤ አያያዝኩ። አዎ፣ እንደገና ማኅተም። ድረ ገጻችን ላይ ያለውንም አስቀየርኩ።

ውጤቱን ስጠብቅ ሚያዝያ ገባ። የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በዚያ ዓመት የተከበረው አዲስ አበባ ነበር። የዩኔስኮን የጊየርሞ ካኖ ሽልማት ያገኙት ሁለቱ የሮይተርስ ጋዜጠኞች፣ ዋ ሎንና ቻው ሶ ኡ፣ በአዳራሹ አልነበሩም። ምያንማር እስር ቤት ነበሩ። ከቀናት በኋላ ተፈቱ። ያሳሰራቸው ከአገሪቱ አናሳ ሙስሊሞች ከሮሂንጋዎች አሥር ወንዶች የተገደሉበትን ታሪክ መመርመራቸው ነው። አሥሩ ሰዎች ከመገደላቸው በፊት ተንበርክከው የሚታዩበትን ፎቶ አግኝተው ነበር። ሰው ለአንድ ማስረጃ ያን ያህል ይከፍላል። እኔ ስልኬን ከኪሴ ማውጣት አቅቶኝ ነበር።

የእኔ ነገር አጭር ነው። ከመጨረሻዎቹ ውስጥ ገባሁ። አላሸነፍኩም። ሁለት ወር ዘግይቶ የመጣው ኢሜይል የዳኞች አስተያየት ሁለት መስመር ብቻ ነበረው። ሁለተኛው መስመር «የተከሰሰው ወገን መልስ አልተሰማም» ይላል። ተናደድኩ። ለደላላው ሦስት ጊዜ ደውዬለት ነበር! ሁለቴ አላነሣም፣ በሦስተኛው «ተሳስተሻል» ብሎ ዘጋብኝ። ከዚያ ስክሪፕቱን ከፈትኩ። ይህን አንድም ቦታ አልተናገርኩም። ዳኛው ከየት ይወቀው?

በዓመቱ አገር ውስጥ በተካሄደ ሌላ ውድድር ላይ ገባሁ። በዚያ ጊዜ ያቀረብኩት ስለ አንድ ገጠር ቀበሌ የእጅ ውሃ ፓምፕ ነው። ተበላሽቶ ከዓመት በላይ ቆሟል፤ መጠገኛው ብር ግን ተሰብስቧል። የውሃ ኮሚቴውን የሒሳብ ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አነሣሁ። የደወልኩባቸውን ሰዓቶች በሙሉ ጻፍኩ። ማመልከቻውን ሁለት ማታ ነው የጨረስኩት፤ ሁሉም ነገር ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ስለጠበቀኝ። ሁለተኛ ወጣሁ። ሰርተፊኬትና ላፕቶፕ።

ለሐይቋ ልጅ ደወልኩላት። ደስ ይላታል ብዬ ነው።

«የእኔው ወድቆ የውሃው አለፈ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ ከፓምፕ አነስኩ ማለት ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ከእኔ ቀድማ አቆመች።

«ለመሆኑ ያኔ የሠራሽውን ላኪልኝ እስኪ» አለች። «አሁን ቴሌግራም አለኝ። እኛ ቤት እኮ የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አልሰማነውም።»