ግራኝ

አያቴ በግራ እጄ ስጎርስ ባየችኝ ቁጥር እጄን መታ አድርጋ «አንተ ግራኝ!» ትለኝ ነበር። ቁጣ መሆኑን ከድምፅዋ አውቄአለሁ፤ የሰው ስም መሆኑን የሰማሁት ግን ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሽምብራ ኩሬ፣ 1521 ዓ.ም.፣ የተቃጠሉ ገዳማት። መምህሩ «ግራኝ» ባሉ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

ዛሬ ሐረር ነኝ፣ ለሥራ መጥቼ። ከሰዓት በኋላ ጀጎልን ተደግፌ ቆየሁ። ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር ነው። የግራኝ፣ የኢማሙ፣ እህት ልጅ የነበረው ኑር የሟቹን ሚስት ባቲ ድል ወንበራን ሲያገባ ደሙን እመልሳለሁ ብሎ ነበር። መለሰም፤ በ1551 ዓ.ም. በሰሞነ ሕማማት ዐፄ ገላውዴዎስን ገደለ፣ ራሱም ተቆርጦ ወደዚህች ከተማ መጣ። ታሪክ ስንማር እዚህ ላይ አልደረስንም፤ ትምህርቱ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ፣ ኢማሙ በፖርቱጋላዊ ጥይት ሲወድቅ፣ በእፎይታ ያበቃ ነበር።

እኔን የሚያብሰለስለኝ በሁለቱ ግድያዎች መካከል ያለው ነው። የድል ወንበራ ልጅ በገላውዴዎስ እጅ ተማርኮ ነበር። የገላውዴዎስ እናት የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ሌላ ልጅ ሚናስ ደግሞ ቀደም ብሎ በኢማሙ ተይዞ የመን ለነበሩት ቱርኮች ተሰጥቷል። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ በዚያው ጦርነት ባሏ የተገደለባት፣ ሌላይቱ ባሏ ሲሳደድ ደብረ ዳሞ ላይ የሞተባት፣ ተላልከው ልጅ በልጅ ለወጡ። ያ ከየመን የተመለሰ ልጅ ነው ገላውዴዎስ ሲሞት የነገሠው። ስንት ጊዜ የጦር ሜዳ ስም በቃሌ ሸምድጃለሁ! ይህን ግን ፈተና ላይ የጠየቀኝ የለም።

ወደ ማታ አንድ ሽማግሌ ከሱቃቸው ደጃፍ አስቀምጠው ሻይ አስቀዱልኝ። ስለ ግንቡ ስንጨዋወት «ግራ…» ብዬ ምላሴን ያዝኩ። እርሳቸው «ኢማም አሕመድ» ብለው ሞሉልኝ፣ በስሙ ላይም ምርቃት ጨመሩ። አፍሬ ብርጭቆውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«በቀኝህ፣ ልጄ፣ በቀኝህ» አሉኝ፣ እጄን መታ አድርገው።

ሳቄ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ፤ ስለ አያቴ ልነግራቸው ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።