ፖሊስ ስትከሱ ቅጹ «ባጭሩ ጻፉ» ቢላችሁ አትስሙት

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ሆናችሁ ያለ ጠበቃ ፖሊስ ለመክሰስ ለምታስቡ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ማታ ከሥራ ስመለስ በመኪናዬ የኋላ መብራት ሰበብ ፖሊሶች አስቆሙኝ። አንዱ ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ከነመንጃ ፈቃዴ መለሰልኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ እያለ ሌላኛው «ቆይ» አለኝና አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ መንገድ ዳር ገተሩኝ። ውሻው መኪናዬን ዞረ፤ ምንም አላገኘም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እኮ በሮድሪጌዝ ጉዳይ (እ.ኤ.አ. 2015) የትራፊኩ ነገር ካለቀ በኋላ፣ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖር፣ ለውሻ ብሎ ሰው ማቆየት አይቻልም ብሏል።

መክሰሱ ራሱ አይከብድም። መብትህን የጣሰ ፖሊስ የሚከሰስበት የፌዴራል ሕግ ሴክሽን 1983 ይባላል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ቅጽ ኢንተርኔት ላይ አለ። ክፍያው 405 ዶላር ነው፤ አቅም የሌለው በነፃ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ቀነ ገደቡን ብቻ ጠብቁ፦ ሜሪላንድ 3 ዓመት፣ ቨርጂኒያ ግን 2።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጹ የሆነውን በተቻለ መጠን ባጭሩ ጻፍ ይላል። እንደታዘዝኩት «ፖሊሶቹ ያለ አግባብ አቆዩኝ» ብዬ ጻፍኩ። የከተማው ጠበቃ ለክሱ መልስ በመስጠት ፈንታ ሞሽን ቱ ዲስሚስ አስገባ። «ያለው ሁሉ እውነት ነው ብንል እንኳ ክስ አይወጣውም፣ ይዘጋልን» ማለቱ ነው። ሳነበው ደሜ ፈላ። ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ አልጻፈም ይላል። ፖሊሶቹ ኳሊፋይድ ኢሚዩኒቲ (ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑ ቀድሞ በግልጽ ካልተወሰነ ከካሳ ክስ የሚጠብቅ ከለላ) አላቸው ይላል። ከተማው ደግሞ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሞኔል ውሳኔ (እ.ኤ.አ. 1978) መሠረት፣ የራሱ ፖሊሲ ወይም ልማድ ጉዳቱን ካላመጣ በሠራተኛው ጥፋት ብቻ አይጠየቅም ይላል። ባጭሩ ጻፍ ብለውኝ፣ ባጭሩ ጻፈ ብለው ሊያባርሩኝ!

የፍርድ ቤቱ ሠራተኞች «የሕግ ምክር አንሰጥም» ከማለት አያልፉም። በፖስታ የመጣልኝ ማሳሰቢያም መልስ ካልሰጠህ ክስህ ሊዘጋ ይችላል ብሎ አስፈራርቶኝ አበቃ። ወዳጆቼም «ጥሩ አድርገህ መልስ ጻፍ» አሉኝ።

እኔ ግን መጀመሪያ ክሱን አሻሽሉ ነው የምለው። ዳኛው በዚህ ደረጃ የሚመዝነው ክሱ ላይ ያለውን ነው። አዲስ ነገር መልሳችሁ ውስጥ ብትዘረግፉ ውኃ አያነሳም። ሞሽኑ በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ያለ ማንም ፈቃድ ማሻሻል ትችላላችሁ፤ የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 15 ይፈቅዳል።

የፖሊሶቹን የደረት ካሜራ ቪዲዮ አስቀድሜ ጠይቄ አግኝቼ ነበር። እሱን እያቆምኩ እያስኬድኩ በየደቂቃው ጻፍኩት፦ መንጃ ፈቃዴን ማን መለሰ፣ «ቆይ» ያለው ማን ነው፣ ውሻውን በሬዲዮ የጠራውስ? እያንዳንዱን በስሙ፣ ለየብቻ። ካሳ ከፖሊሱ የምትፈልጉ ከሆነ ቅጹ ላይ በግል ተጠያቂነት የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ እንዳትረሱ። የተሻሻለውንም ክስ ይዘጋልን ብለው ሁለተኛ ሞሽን አስገቡ፤ ሮድሪጌዝን ያነሳሁት ለእሱ መልስ ስጽፍ ነው። ኢሚዩኒቲውን የሚሰብረው ተመሳሳይ የቀድሞ ውሳኔ ነዋ።

ዳኛዋ ከተማውንና ዘግይቶ የደረሰውን ሳጅን ከክሱ አስወጣቻቸው። ሁለቱ ፖሊሶች ቀሩ። የከተማው መውጣት አሁንም ያንገበግበኛል፤ ያሠለጠናቸው ማን ሆነና? አሁን ማስረጃ የምንለዋወጥበት ደረጃ ላይ ነን። መጀመሪያ የጠየቅሁት ውሻው የተጠራበትን የሬዲዮ ቅጂ ነው። እስካሁን አልሰጡኝም።