ባለቤቱ ሲመጣ ምን ልንል ነው?

እማዬ ውቅያኖሱን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ውሃው አልነበረም። ታጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ግራና ቀኙን ቃኘች። አጥር የለም። ዘበኛ የለም። ትኬት የሚቆርጥ የለም። ወደ እኔ ዘንበል አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ባለቤቱ ሲመጣ ምን ልንል ነው?» አለችኝ።

«ባለቤት የለውም እማዬ። የሁሉም ሰው ነው።»

«እሺ» አለች። ይህቺን «እሺ» ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። አላመንኩሽም ማለት ናት።

አምስት ሰው፣ አምስት ሌሊት፣ አንድ ድንኳን ነበርን። በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት የፓሲፊክ ዳርቻ፣ በ101 አውራ ጎዳና፣ ከአስቶሪያ እስከ ፍሎረንስ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቸኮለ ሰው በአንድ ቀን ይነዳዋል። ባሌ መጀመሪያ ያወጣው እቅድ ሙሉውን የኦሪገን ዳርቻ፣ 584 ኪሎ ሜትሩን፣ እስከ ካሊፎርኒያ ድንበር መውረድ ነበር። በየሃያ ደቂቃው ሽንቱ የሚመጣ የስድስት ዓመት ልጅ እንዳለን ረስቶታል። ካርታውን ተቀብዬ ግማሹ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። አኮረፈ። ሁለተኛው ቀን ላይ አመሰገነኝ።

የካምፕ ቦታ ለማግኘት ስድስት ወር ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ለሐምሌ ጉዞ በጥር ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ፣ ቦታው ሲከፈት ጠብቄ ነው የያዝኩት። እንደዚያ ተጠንቅቄ ልብስ ላይ ስቼ ተገኘሁ። ሐምሌ ነው ብዬ ለሁሉም ቁምጣ አጭቄያለሁ። ዳርቻው ላይ በቀን 15 ዲግሪ ነበር፣ ያውም ከነፋስ ጋር። በኋላ እንደገባኝ በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። በዚህ ላይ የሚያልፈው አየር ነው ጉም የሚሆነው። መሀል አገሩ በሙቀት ሲጠበስ ዳርቻው ሹራብ ያስለብሳል። ያለን ሹራብ ሁለት ስለነበር ተራ ገባንለት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ያደርነው ፎርት ስቲቨንስ ፓርክ ውስጥ ነው። ድንኳን የሚተከለው አሸዋው ላይ ሳይሆን ከኋላ፣ ዛፎቹ መሀል ነው። ወደ ዳርቻው ስትወጡ የፒተር አይርዴል አጽም አሸዋ ውስጥ ተተክሎ ይጠብቃችኋል። ባለ አራት ምሰሶ የብረት መርከብ ነበር። በ1906 (ዓመቱም ወሩም ሁሉ የፈረንጅ ነው) ጥቅምት ላይ ከአሸዋው ጋር ተላትሞ ቀረ። ሰው አልሞተበትም። አሁን የቀረው የዛገ የጎድን አጥንት ብቻ ነው፤ ትንሹ ልጄ በጎድኖቹ መሀል እየሾለከ «ዓሣ ነባሪ በላኝ!» እያለ ይጮሃል።

«አየሽ» አልኳት እማዬን፣ «የዚህም ባለቤት እስከዛሬ አልመጣም።»

«የዛገ ነገር ማን ይፈልጋል?» አለች።

በዚያ ሌሊት የሚነፋው ፍራሻችን ተነፈሰ። በቀስታ፣ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የዛፍ ሥር ከጎኔ ጋር ተዋወቀ። የተረፈው የእማዬ ስስ ፍራሽ ብቻ ነው፤ «ሳር ቢነጠፍ ይበቃኛል» ብላ የሚነፋውን እምቢ ያለችው እሷ ብቻ ነበረቻ።

በማግስቱ በጠዋት ወደ ካነን ቢች ሄድን። በጠዋት የሆነው በእኛ ትጋት አይደለም፤ የባሕሩ ሰዓት ነው። እዚህ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። የዚያን ቀን የሚሸሸው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ለመጣ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ይህ ነው፦ ከሆቴሉም ከካፌውም በፊት የውሃውን ሰሌዳ እዩ። ውሃው ሞልቶ የመጣ ሰው ሃይስታክ ሮክን በሩቁ አይቶ ይመለሳል። ሲሸሽ ግን በእግራችሁ ሥሩ ድረስ ትደርሳላችሁ።

72 ሜትር የሚረዝም ጥቁር ቋጥኝ ነው። ላዩ ላይ ፓፊን የሚባሉ ብርቱካናማ ምንቃር ያላቸው ወፎች ይፈለፍላሉ። ትልቋ ልጄ በቢኖኩላር ሁለት ቆጠረች። እኔ አንድም አላየሁም፤ አየሁ አልኩ።

ሥሩ ያሉት ኩሬዎች ላይ ጎንበስ ብለን ሳለ አንዲት ባጅ ያንጠለጠለች ወጣት ወደ እኛ መጣች። እማዬ ቀድማ አየቻት።

«ይኸው!» አለች። «መጣች! አልኩሽ አይደል?» ቦርሳዋን ሰብስባ ለመሄድ ተነሳች።

ወጣቷ በጎ ፈቃደኛ ነበረች። ቋጥኙ ላይ አትርገጡ፣ የተጣበቀው ሁሉ ሕይወት አለው፣ በአሸዋው ሂዱ አለችን። ከዚያ ጎንበስ አለችና ለእማዬ ኩሬው ውስጥ አንድ ነገር አሳየቻት። መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ አበባ ይመስላል፤ ቅጠሎቹ ውሃው ውስጥ ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። አነሞን ይባላል፤ አበባ ሳይሆን እንስሳ ነው። መጀመሪያ እጅን በባሕሩ ውሃ ማራስ፣ ከዚያ በአንድ ጣት ብቻ፣ በቀስታ። እማዬ እኔን አየችኝ። ቀለበቷን አውልቃ ሰጠችኝ። ጣቷን ነክራ ዳሰሰችው።

«ያዘኝ!»

እውነቷን ነው፣ ይይዛል። እኔም ሞከርኩት። እንደ ማር ይለጥፋል፣ ግን ደግሞ እንደ ድመት ምላስ ሻከር ይላል። ዓሣ የሚያደነዝዝባቸው ጥቃቅን መርፌዎች ናቸው የሚለጥፉት፤ የጣታችንን ቆዳ አይበሱም። ጣቷን ስትስብ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ተጠቀለሉ፣ እንደ ጡጫ ተጨበጡ። እማዬ እንደ ልጅ ሳቀች። «አፍሯል» አለች። አራት ጊዜ ሌላ ሌላ ኩሬ ሄደን አራት አነሞን አሳፈርን። አምስተኛውን ወጣቷ በትህትና ከለከለች።

ከዚያ በኋላ ነው የሕጉን ነገር የነገርኳት። በ1913 ኦስዋልድ ዌስት የተባለ የግዛቱ አስተዳዳሪ የባሕሩን ዳርቻ የሕዝብ አውራ ጎዳና ነው ብሎ አስወሰነ። ያኔ እውነትም ሰው በአሸዋው ላይ ይጓጓዝ ነበር። ግን ያ የሚሸፍነው ውሃው የሚደርስበትን እርጥብ አሸዋ ነው። በ1966 እዚሁ ካነን ቢች የአንድ ሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ ለእንግዶቼ ብቻ ብሎ አጠረው። ጉድ ፈላ። በዓመቱ፣ በ1967፣ የጊዜው አስተዳዳሪ ቶም ማኮል በሄሊኮፕተር ዳርቻው ላይ አርፎ፣ ቀያሾች ይዞ፣ መስመሩ እስከ የት እንደሆነ ለጋዜጠኞች አሳየ። ሕጉም ወጣ። ከውሃው አንስቶ ሣሩ እስከሚጀምርበት ድረስ ሕዝብ እንዳይገባ መከልከል ቀረ።

እማዬ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማች።

«እና እኔ ምን አልኩ?» አለች። «ባለቤት ይመጣል አላልኩም? መጥቶ ነበራ!»

ምን ይመለሳል?

የሦስተኛው ቀን መንገድ ረጅሙ ነው። ነዳጅ ማደያ ገብተን ባሌ ሊቀዳ ወረደ፣ አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ ቀዳለት። ኦሪገን ውስጥ ከ1951 ጀምሮ ለራስ ቤንዚን መቅዳት ክልክል ነበር። በ2023 ተፈቀደ፣ ቀጂዎቹ ግን አሁንም አሉ። ዲፖ ቤይ ላይ ቆምን፤ በዓለም ትንሿ ወደብ ነኝ የምትል ከተማ ናት። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በበጋ ዳር ድረስ መጥተው ይመገባሉ። አንዱ ጭሱን ሲተፋ አራታችን አየን። አምስተኛው፣ ትንሹ፣ ጫማው ውስጥ የገባ አሸዋ እያራገፈ ነበር። እንዴት እንዳለቀሰ አልነግራችሁም። አርባ ደቂቃ ጠብቀን ሁለተኛው ተፋ። ተገላገልን።

ቀጥሎ ያደርነው ቤቨርሊ ቢች ነው። ከድንኳኑ ወደ ባሕሩ የሚያስወጣው በአውራ ጎዳናው ሥር የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው፤ መኪናው ከላይ፣ እኛ ከታች። መግቢያው አካባቢ የሱናሚ ማምለጫ ምልክት አለ። ትልቋ ልጄ አንብባ ለእማዬ ተረጎመችላት፤ በ1700 ጥር 26 ቀን ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ማዕበሉ ጃፓን ድረስ መድረሱን፣ ቀኑም የታወቀው ከጃፓን መዝገብ መሆኑን ጭምር ነገረቻት። ትምህርት ቤት ተምራዋለች።

«እና መቼ ነው የሚመጣው?» አለች እማዬ፣ እንደ አውቶብስ።

የሱናሚው አልመጣም፣ የራሳችን ማዕበል ግን መጣ። እዚህ ባሕር ዳር ምልክቶቹ የሚያስጠነቅቁት ስለ ዋና አይደለም፤ ድንገት ከሌሎቹ ርቆ ስለሚወጣ ሞገድና ስለ ግንድ ነው። አሸዋው ላይ የተኛ ትልቅ ግንድ ውሃ ካነሳው ሰው ላይ ይንከባለላል። ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ልጆቹን ከግንድ አርቄ፣ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ጀርባዬን! አስር ጊዜ ውሃው ከእግራችን ሃያ እርምጃ ርቆ ሲመለስ ቆየ። በአስራ አንደኛው ጉልበቴ ድረስ መጣ። ልጁን ባሌ አፈፍ አደረገው። የግራ ጫማው ሄደ። ቀኝ ጫማው እስካሁን ቤታችን አለ፣ አልጥልም ብሏል።

በዚያ ምሽት እማዬ ከእህቷ ጋር በስልክ ስለ ጫማው አወራች። እማዬ ስልክ ስታወራ ስልኩ አያስፈልጋትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው፤ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ የካምፑ ተቆጣጣሪ ባትሪውን እያበራ መጣ። እማዬ ስልኩን ዘጋችና ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ በሹክሹክታ፣ «ሁለተኛው ባለቤት» አለች። ባሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከድንኳኑ ወጣ።

አምስተኛው ቀን ኬፕ ፐርፔቱዋ ወጣን። ከባሕሩ 244 ሜትር ከፍ ይላል፣ መኪና እስከ ላይ ያደርሳል፣ በ1930ዎቹ የተሠራ የድንጋይ መጠለያ አለው። እማዬ እዚያ ተቀምጣ ብዙ ዝም አለች። ከታች ቶርስ ዌል የሚባል ውሃ የሚውጥና የሚተፋ ጉድጓድ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚያብደው ፎቶ። ባሌ ልጆቹን አስጠግቶ ሊያነሳ ፈለገ። እምቢ አልኩ። አንድ ጫማ ይበቃናል።

የመጨረሻው ማደሪያችን ከፍሎረንስ አጠገብ፣ ሃኒማን ፓርክ ነበር። የአሸዋ ተራሮቹ የሚጀምሩት እዚያ ነው፤ ወደ ደቡብ 64 ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። ልጆቹ በሰሌዳ ሲንሸራተቱ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ወደ ባሕሩ ወረድን። ነፋሱ አንዴ አረፍ ብሏል። እማዬ ከውሃው ርቆ ደረቁ ላይ የተቀበረ ግንድ መርጣ ተደገፈች፣ ወንበር አልፈልግም አለች።

አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከነውሻቸው መጡ። ሌላ መጠጊያ አጥተው ነው መሰለኝ፣ ከግንዱ ማዶ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ በእጃቸው ጠየቁ። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ብርድ ልብሷን ሰበሰበች፣ ቦርሳዋን ወደ እኔ ገፋች፣ እጇን ዘርግታ በአማርኛ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለቻቸው።

ተቀመጡ።