አንዲት ኤሌክትሮንና የበለዘ ጥርስ

አዳማ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ጨምሮ ወይም ለቅቆ ቻርጅ ስላገኘ አተም፣ ስናወራ አብዛኛው ሰው ከገበታ ጨው ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከፍሎራይድ ነው። ክፍል ውስጥ ጥርሱ የበለዘ ልጅ አይጠፋማ። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ፣ ነገሩ ፍሎራይድ ከበዛበት ውሃ እንጂ ጥርስ ካለመፋቅ የመጣ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት።

የፍሎሪን አተም 9 ፕሮቶንና 9 ኤሌክትሮን አለው። ፕሮቶን ፖዘቲቭ፣ ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ነው፤ እኩል ስለሆኑ አተሙ ቻርጅ የለውም። ከኤሌክትሮኖቹ 7ቱ ያሉት ውጭኛው ሼል (የኤሌክትሮን ንብርብር) ላይ ነው፤ ሼሉ ደግሞ 8 ይይዛል። አተሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ ያ ክፍት ቦታ ፕሮቶኖቹ ላሉበት መሃል፣ ለኒውክለሱ፣ ቅርብ ነው። ፕሮቶኖቹ በአጠገባቸው ያገኙትን ኤሌክትሮን አጥብቀው ይስባሉ። አንዷ ስትገባ 10 ኤሌክትሮን ለ9 ፕሮቶን ይሆናል። አንድ ኔጌቲቭ ተረፈ ማለት ነው። ፍሎራይድ የምንለው ይሄን ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ አዮን ፕሮቶን የጨመረ ይመስላቸዋል። አይደለም። ካልሲየም 20 ፕሮቶን አለው፤ 2 ኤሌክትሮን ሲለቅ 18 ይቀሩትና 2 ፖዘቲቭ ይሆናል። ፕሮቶኑ ንክች አይልም። እሱ ከተቀየረማ ካልሲየም መሆኑም ቀረ።

የአንዲት ኤሌክትሮን ጉልበት ሁሌም ይገርመኛል። የፍሎሪን ጋዝ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ መርዝ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ሟሳን ለብቻው ነጥሎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ፍሎራይድ ግን ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ቀለምም ሽታም የለውም።

በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ፍሎራይዱ ቀድሞውኑ አዮን ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ አሟሙቶ ይዞት ይመጣል። ካልሲየም በብዛት ቢኖር ሁለቱ ተያይዘው ይዘቅጡ ነበር። የእኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂና በዝዋይ ዙሪያ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ተለክቷል። ጥርስ የሚበልዘው ልጁ ይህን ውሃ የሚጠጣው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ከሆነ ነው።

ወላጆች «አፍልተን ነው የምናጠጣው» ይሉኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ፍሎራይድ ግን አይተንም፤ ውሃው ሲቀንስ ጭራሽ ይብስበታል። የተከሰለ የከብት አጥንት ያለበት ማጣሪያ ግን ይይዘዋል፤ በአጥንቱ ማዕድን ላይ ስለሚጣበቅ። ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ ሰዎች፣ ሕፃናት ከመጠጣታቸው በፊት የውሃውን ፍሎራይድ አስለኩ።