አዛዥ የሌለውን ኔትወርክ ማደስ፤ ሊብፒቱፒን ስለ መጠቀም

አቻ ለአቻ የሚገናኝ ሶፍትዌር ለመሥራት የሚነሣን ፕሮግራመር በመጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሁለት ኮምፒውተሮችን ያለ መካከለኛ ሰርቨር የማገናኘቱ ጉዳይ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ሶፍትዌሩ ተለቆ በማያውቃቸው ሰዎች ማሽኖች ላይ ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። የምስጠራው ስልት ቢያረጅ፣ የመልእክቱ ቅርጽ ቢለወጥ ወይም አንዱ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ጉድለት ቢገኝበት፣ ለውጡን በሁሉም ዘንድ የሚያስፈጽመው ማን ነው? የራሱ ሰርቨር ያለው አገልግሎት ሰርቨሩን በፈለገው ሰዓት ያድሳል፤ አሮጌውን መተግበሪያ የያዘ ተጠቃሚም ካላደስክ አትገባም ሊባል ይችላል። ባለቤት በሌለው ኔትወርክ ውስጥ ግን አንዱ ኖድ (በኔትወርኩ ውስጥ ያለ ማሽን) ዛሬ ይታደሳል፣ ሌላው ከወራት በኋላ ይታደሳል፣ ሌላው ደግሞ ጨርሶ አይታደስም፤ እስከዚያው ድረስ ግን ሁሉም እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ሊብፒቱፒ (libp2p) የተባለውን ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የምመርጠው፣ የማገናኘቱን ያህል ይህ የመታደስ ጥያቄም ከመሠረቱ ታስቦበት የተሠራ በመሆኑ ነው።

ሊብፒቱፒ ሲጀመር ራሱን የቻለ ፕሮጀክት አልነበረም። ፕሮቶኮል ላብስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው አይፒኤፍኤስ የተሰኘ የፋይል ማከፋፈያ ሥርዓት የኔትወርክ ክፍል ነበር፤ በኋላ ግን ይህ ክፍል ለሌሎች ፕሮግራሞችም እንደሚጠቅም ስለታመነበት ተነጥሎ ወጣ። ዛሬ በጎ፣ በረስት፣ በጃቫስክሪፕት፣ በኒም፣ በጃቫ፣ በፓይተንና በሌሎችም ቋንቋዎች ተጽፎ ይገኛል። ፋይልኮይንና ፖልካዶት የተባሉት የብሎክቼይን ኔትወርኮች ተጠቅመውበታል። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የሌላው ብሎክቼይን የኢቴሪየም ምሳሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሥራ የጀመረው ቢከን ቼይን የተባለው የኢቴሪየም ሰንሰለት በጎ የተጻፈውን ፕሪዝምን፣ በረስት የተጻፈውን ላይትሃውስን፣ በጃቫ የተጻፈውን ቴኩንና በኒም የተጻፈውን ኒምበስን በአንድ ኔትወርክ ላይ ያነጋገረው በዚሁ ላይብረሪ ነው። አራቱን ፕሮግራሞች የጻፏቸው ቡድኖች የተለያዩ ናቸው፤ የጋራቸው ኮዱ ሳይሆን በጽሑፍ የተቀመጠው የፕሮቶኮል መግለጫ ነበር።

ላይብረሪው በሞጁሎች የተከፋፈለ ነው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንድ ግንኙነት ሲከፈት የሚሆነውን በመከተል ማየት ይቻላል። ከታች ባይቶችን የሚያጓጉዘው ማጓጓዣ አለ፤ ይህ ቲሲፒ፣ ኩዊክ፣ ዌብሶኬት፣ ዌብአርቲሲ ወይም ዌብትራንስፖርት ሊሆን ይችላል። ከእርሱ በላይ ምስጠራውንና የማንነት ማረጋገጫውን የሚሠራው ክፍል ይቀመጣል፤ አሁን በሥራ ላይ ያሉት ኖይዝና ቲኤልኤስ 1.3 ናቸው። ቀጥሎ አንዱን ግንኙነት ለብዙ ስትሪሞች (ለየብቻቸው ለሚሄዱ የዳታ ፍሰቶች) የሚያካፍለው ሙክሰር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 መስፈርቱ የጸደቀው ኩዊክ ምስጠራውንም ስትሪሙንም በራሱ ስለያዘ እነዚህን ሁለት ደረጃዎች አይፈልግም። ከዚህ ሁሉ በላይ ፕሮግራመሩ የሚጽፈው የራሱ ፕሮቶኮል ይቀመጣል፤ እርሱ የሚያየው ስትሪም ብቻ ነው፣ ከስትሪሙ በታች ቲሲፒ ይኑር ኩዊክ ኮዱ አያውቅም።

የጉዳዩ ዋና ነጥብ እነዚህ ክፍሎች የሚመረጡበት መንገድ ነው። ምርጫው ኮዱ ሲጻፍ አንድ ጊዜ ተወስኖ አያበቃም፤ ሁለት ኖዶች በተገናኙ ቁጥር እንደገና ይካሄዳል። ግንኙነቱን የሚከፍተው ኖድ የሚፈልገውን ፕሮቶኮል ስምና የእትም ቁጥር ያቀርባል፤ ተቀባዩ የሚያውቀው ከሆነ ያንኑ ስም መልሶ ይልካል፣ የማያውቀው ከሆነ እንደማያውቀው ይናገራል፣ ከፋቹም ሁለተኛ ምርጫውን ያቀርባል። መልቲስትሪም ሴሌክት የሚባለው ይህ አሠራር በጣም ቀላል ነው፤ ግን ያለ አዛዥ የሚኖር ኔትወርክ እንዲታደስ የሚያስችለው እርሱ ነው። አዲስ ክፍል ሲመጣ የታደሱት ኖዶች እርስ በርሳቸው በአዲሱ ይነጋገራሉ፤ ካልታደሱት ጋር ሲገናኙ ደግሞ ወደ አሮጌው ይመለሳሉ።

ይህ በጽንሰ ሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። ሊብፒቱፒ ሲጀመር የራሱ የሆነ ሴክአይኦ የተባለ የምስጠራ ፕሮቶኮል ነበረው፤ በኋላ በባለሙያዎች የተመረመረው ኖይዝ ቦታውን ወሰደና አሮጌው ቀስ በቀስ ከጥቅም ወጣ። ኤምፕሌክስ የተባለው ሙክሰርም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ኤምፕሌክስ ተቀባዩ ምን ያህል ባይት ለመቀበል ዝግጁ እንደሆነ ለላኪው የሚያስታውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ አንዱ ስትሪም በዝግታ ሲነበብ ወይ ማስታወሻው በማይነበብ ዳታ ይሞላል፣ ወይ ያ ስትሪም ይቋረጣል፣ ወይም በዚያው ግንኙነት ላይ ያሉት ሌሎች ስትሪሞች ሁሉ ይቆማሉ። ያሙክስ የተባለው ሌላው ሙክሰር ግን ለእያንዳንዱ ስትሪም የመቀበያ ገደብ ስላለው ይህን ችግር ይፈታል። ከላይ በተቀመጡት ፕሮግራሞች የመልእክት ኮድ ውስጥ አንድ መስመር ሳይነካ ሽግግሩ ሊካሄድ መቻሉ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በሞጁል መሥራት ካስገኛቸው ጥቅሞች ሁሉ ይበልጣል። ስለ ሞጁል ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ምርጫው ብዛት ነው፤ የምርጫ ብዛት ግን ለብቻው ሸክም እንጂ ጥቅም አይደለም።

ፕሮግራመሩ ይህንኑ አሠራር ለራሱ ፕሮቶኮል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊጠቀምበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። የፕሮቶኮሉ ስም የእትም ቁጥር ይኑረው፤ የመልእክቱ ቅርጽ ሲለወጥ አሮጌውን ተቀባይ ሳያጠፋ አዲሱን ከጎኑ ይመዝግብ፤ ስትሪም ሲከፍት ደግሞ ሁለቱንም ስሞች በምርጫ ቅደም ተከተል ያቅርብ። በጎ በተጻፈው ላይብረሪ ውስጥ አዲስ ስትሪም የሚከፍተው ተግባር ከአንድ በላይ የፕሮቶኮል ስም የሚቀበለው ለዚህ ነው። የእትሙን ቁጥር በመልእክቱ ውስጥ በአንድ ባይት አስቀምጦ በራሱ ኮድ የሚያጣራ ፕሮግራመር ላይብረሪው የሰጠውን ትቶ ያንኑ ነገር በድጋሚ እየሠራ ነው፤ ያውም በደከመ መልኩ፣ ምክንያቱም ሌላው ወገን አዲሱን እትም ማወቅ አለማወቁን የሚረዳው መልእክቱን ከላከ በኋላ ነው።

ድርድሩ ዋጋ እንደሚያስከፍል መካድ አይገባም። በቲሲፒ ላይ ግንኙነቱ ራሱ አንድ ዙር (መልእክት ሄዶ መልስ እስኪመጣ ያለ ጊዜ) ይወስዳል፣ ምስጠራውን መምረጥ ሌላ ዙር ይጨምራል፣ የምስጠራው ሰላምታ (ቁልፍ የሚለዋወጡበት መክፈቻ)፣ የሙክሰሩ ምርጫና የመተግበሪያው ፕሮቶኮል ደግሞ ይከተላሉ፤ በሁለቱ ኖዶች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ ተጠቃሚው መዘግየቱን ይሰማዋል። የሙክሰሩን ምርጫ በምስጠራው ሰላምታ ውስጥ ማካተት ከጊዜ በኋላ ስለተቻለ አንድ ዙር ተቆጥቧል፤ ኩዊክን ማስቀደም ደግሞ ከዚህም የበለጠ ይቆጥባል። ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ነገር የምስጠራው ስም የሚመረጠው ምስጠራ ከመጀመሩ በፊት፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ግልጽ ጽሑፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለሙከራ ብቻ የተሠራውን ምስጠራ አልባ አማራጭ ለተጠቃሚ በሚለቀቅ ሶፍትዌር ውስጥ መተው አይገባም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ነገር ሊመረጥ ይችላልና።

ከመታደስ ጋር በቅርብ የሚያያዘው ሁለተኛው ብልህ ውሳኔ ማንነትን ከአድራሻ መለየቱ ነው። በሊብፒቱፒ ውስጥ አንድ ኖድ የሚታወቀው ከይፋዊ ቁልፉ (ለሁሉም ከሚገለጠው የምስጠራ ቁልፉ) በሚገኝ መለያ እንጂ በአይፒ ቁጥሩ አይደለም። ኖዱ ከቤት ኔትወርክ ወደ ሞባይል ዳታ ቢሸጋገር፣ ከቲሲፒ ወደ ኩዊክ ቢዛወር፣ መለያው ያው ነው፤ የምስጠራው ሰላምታም ወዲያኛው ወገን ያለው በእርግጥ የዚያ ቁልፍ ባለቤት መሆኑን ያረጋግጣል። አድራሻው ደግሞ መልቲአድረስ በሚባል ቅርጽ ይጻፋል፤ የአይፒው ዓይነትና ቁጥር፣ ማጓጓዣውና ፖርቱ፣ በመጨረሻም የኖዱ መለያ በ«/» ምልክት እየተለዩ ይደረደራሉ፣ ስለዚህ ነገ አዲስ ማጓጓዣ ቢፈጠር በዚያው ቅርጽ ይጻፋል። ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ምክር አለ። በጎ የተጻፈው ላይብረሪ ቁልፍ ካልተሰጠው ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል፤ ቋሚ ማንነት የሚያስፈልገው ኖድ የግል ቁልፉን በዲስክ ላይ ጠብቆ ማስቀመጥና ሲነሣ መልሶ መጫን አለበት። አንዱን ቁልፍ ገልብጦ በሁለት ማሽኖች ላይ ማስኬድም አይገባም፤ የቀረው ኔትወርክ ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥር አድራሻቸው ይምታታል።

ብዙ ፕሮጀክቶች የሚፈተኑት ግን ናት በተባለው፣ ራውተር ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ አድራሻ በሚያስተናግድበት አሠራር ላይ ነው። የአይፒ እትም 4 አድራሻ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4.3 ቢሊዮን በላይ አድራሻ ሊኖር አይችልም፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛው የቤትና የሞባይል መሣሪያ ከራውተር ጀርባ አንድ አድራሻ ይጋራል፣ ከውጭ ቀጥታ ሊጠራም አይችልም። ሊብፒቱፒ ይህን በአንድ መፍትሔ ሳይሆን በሦስት ሞጁሎች ቅብብል ይይዘዋል። ኦቶናት ሌሎች ኖዶችን «እስቲ መልሳችሁ ጥሩኝ» ብሎ በመጠየቅ ኖዱ ከውጭ መገኘት መቻሉን ያረጋግጣል። የማይገኝ ከሆነ ሰርኪት ሪሌይ በተባለው ፕሮቶኮል ከውጭ ሊጠራ በሚችልና ግንኙነቱን በሚያቀብልለት በሌላ ይፋዊ ኖድ (ሪሌይ) ላይ ቦታ ይይዛል። ከዚያም ዲሲዩቲአር የሚባለው ፕሮቶኮል በሪሌዩ በኩል የሁለቱን ወገኖች የምልልስ ጊዜ ለክቶ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት እንዲጠራሩ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ራውተር የራሱ መሣሪያ ወደ ውጭ የላከውን ስላየ የሚመጣውን ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ሪሌዩ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል። በሰርኪት ሪሌይ ሁለተኛ እትም፣ በነባሪው ቅንብር አንድ በሪሌይ የሚያልፍ ግንኙነት ለ2 ደቂቃና ለ128 ኪሎባይት የተገደበ ነው። ይህ ለመተዋወቅና ለመጠራራት ይበቃል፤ ፋይል ለማስተላለፍ ግን አይሆንም። ገደቡ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ማንኛውም ይፋዊ ኖድ ሳይጎዳ ሪሌይ ሊሆን የሚችለው ሸክሙ ትንሽ ሲሆን ነውና። በሰፊው የተደረገ ልኬት እንዳሳየው ቀጥታ መንገድ የመክፈቱ ሙከራ ከአሥር ሰባት ጊዜ ያህል ይሳካል፤ ከሁለቱም ወገን አስቸጋሪ ራውተር ካለ ግን አይሳካም። ስለዚህ ማንኛውም ተጠቃሚ ከማንኛውም ተጠቃሚ ጋር ያለ ምንም ችግር መገናኘት አለበት የሚል ግዴታ ያለበት ሶፍትዌር ከፍ ያለ ገደብ ያላቸውን የራሱን ሪሌዮች ማስኬድ ይኖርበታል፤ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ያላስገባ ቡድን አቻ ለአቻ ነኝ በሚል ስም ብቻ አይድንም።

ኖዶችን ፈልጎ ስለ ማግኘት ብዙ አልልም፤ በአንድ ቤት ኔትወርክ ውስጥ በዚያው ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ኤምዲኤንኤስ ይበቃል፣ በሰፊው ኢንተርኔት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በቀረበው ካደምሊያ በተባለው ስልት ላይ የተመሠረተው፣ ኖዶቹ ተከፋፍለው የሚይዙት የአድራሻ ሠንጠረዥ ሥራውን ይሠራል። ጎሲፕሰብ የተባለው መልእክት ማሰራጫ ግን ስለ መታደስ ከተናገርሁት ጋር ስለሚገናኝ ሊታለፍ አይገባውም። እያንዳንዱ ኖድ ሙሉ መልእክት የሚለዋወጠው ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር ብቻ ነው፤ መግለጫው 6 ሲመክር ኢቴሪየም 8 አድርጎታል፣ ከቀሩት ኖዶች ለአንዳንዶቹ ደግሞ ምን መልእክት እንዳለው በየጊዜው ያሳውቃል። እትም 1.1 ጎረቤቶችን በጠባያቸው እየመዘነ ክፉ ኖዶችን የሚያገልል የነጥብ ሥርዓት ጨመረ፤ ነገር ግን ከእትም 1.0 ኖዶች ጋር መነጋገሩን አልተወም። እያንዳንዱ ኖድ ጎረቤቶቹን በራሱ መዝገብ ስለሚመዝን የሌሎቹ ስምምነት አላስፈለገውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ላይብረሪው ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ዳታው የግድ በአንድ ማዕከል መቀመጥ ካለበት ወይም የተጠቃሚዎቹ ፈቃድ በአንድ አካል የሚወሰን ከሆነ፣ ተራ ሰርቨር ይሻላል። በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉት እትሞችም እኩል አይራመዱም፤ በአንዱ ያለ ሞጁል በሌላው ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ከመወሰን በፊት የሚያስፈልጉት ክፍሎች በሚፈለጉት ቋንቋዎች ሁሉ መኖራቸውን በእውነተኛ ሙከራ ማረጋገጥ ግድ ነው።

አሮጌውን ክፍል መቼ ማስወገድ እንደሚገባ መወሰን ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። አይደንቲፋይ በተባለው ፕሮቶኮል አማካይነት እያንዳንዱ ኖድ የሚደግፋቸውን ፕሮቶኮሎች ዝርዝርና የሶፍትዌሩን እትም ለሚገናኘው ሁሉ ይናገራል፤ ይህን እየመዘገቡ ከሚገናኙን ኖዶች ውስጥ አሮጌውን ብቻ የሚያውቁት ምን ያህል እንደሆኑ መከታተል ይቻላል። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ አዲሱን ከፊት ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ አሮጌውን ማቅረብ ትቶ መቀበል ብቻ፣ በመጨረሻም ቁጥሩ ከቀነሰ በኋላ ባለ አዲስ ቁጥር እትም አውጥቶ መቀበሉንም ማቆም ነው። በመካከለኛው ደረጃ ላይ ያልታደሰ ኖድ እኛን ሲጠራን አሁንም መልስ ያገኛል፤ እኛ ስንጠራው ግን ስለማንግባባ፣ የዚያ ኖድ ባለቤት ከፕሮግራሙ የክንውን መዝገብ ላይ የሚያነበው ስሕተት ፕሮቶኮሉ አለመደገፉን በግልጽ እንዲናገርና የትኛው እትም እንደሚያስፈልግ እንዲጠቁም ከአንድ እትም አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።