ፓቹ ገብቷል፣ ስህተቱ ግን አልወጣም

ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ አልችልም ነበር፤ ብዙ ሰው እየሠራበት ነው። የከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ስህተት ግን ታውቋል፣ ማስተካከያውም ሁለት መስመር ኮድ ነው። ስለዚህ ላይቭ ፓች፣ ማለትም ማሽኑ ሪስታርት ሳይደረግ የሚገባ ማስተካከያ፣ ልሥራለት አልኩ። ሊኑክስ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከቨርዥን 4.0 ወዲህ፣ ይህን ራሱ ይደግፋል። ኤፍትሬስ የሚባለው የከርነሉ መከታተያ የሚቀየረውን ፋንክሽን (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል) መግቢያው ላይ ይጠብቀዋል። ጥሪ ሲመጣ ወደ አዲሱ ፋንክሽን ያዞረዋል። እኔ ይህን አሠራር በጣም ነው የምወደው።

ፓቹን የያዘውን ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ፋይል) መጀመሪያ መሞከሪያ ማሽን ላይ ጫንኩት። ያለ ምንም ችግር ገባ። ስህተቱን የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም አስነሳሁ። ስህተቱ እንዳለ ነው!

ግማሽ ቀን የራሴን ኮድ ስጠራጠር ዋልኩ። በመጨረሻ ከርነሉን የማሽን ኮድ በሚያሳየው በኦብጅደምፕ ከፍቼ ጠሪውን ፋንክሽን መስመር በመስመር አነበብኩ። ፋንክሽን የሚጠራው «ኮል» የሚለው ትእዛዝ የለም። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ጂሲሲ ስህተት ያለበትን ትንሹን ፋንክሽን እዚያው ጠሪው ውስጥ ገልብጦታል፤ ኢንላይን የሚባለው ነው። ፋንክሽኑ ስታቲክ (በራሱ ፋይል ውስጥ ብቻ የሚታወቅ) ስላልሆነ ደግሞ ሌሎች ፋይሎች የሚጠሩት ቅጂ በስሙ ቀርቷል። የኔ ፓች የቀየረው ያንን ቅጂ ነው። ችግር ያለበት መንገድ ግን በዚያ በኩል አያልፍም። ስሙ ጭራሽ ጠፍቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሞጁሉ አልጫንም ይል ነበርና።

እሺ፣ ጠሪውን ልቀይር አልኩ። ስሙን ሳየው መጨረሻው ላይ «ኢስራ» የሚል ቅጥያ አለው። ኮምፓይለሩ የማይጠቅመውን የመጀመሪያውን አርጊዩመንት (ለፋንክሽኑ የሚሰጥ ዋጋ) አውጥቶ ጥሎታል ማለት ነው። ሁለተኛው አርጊዩመንት አሁን የሚመጣው አርዲአይ በሚባለው ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ነው፤ ከሲ ኮዱ የጻፍኩት ፋንክሽን ግን በሌላው ሬጅስተር በአርኤስአይ ይጠብቀዋል። ብጭነው ኖሮ የተሳሳተ ዋጋ እንደ አድራሻ ያነብ ነበር። አንድ እርከን ወጥቼ የጠሪውን ጠሪ ቀየርኩ።

ይህን ሁሉ በእጅ መልፋት አያስፈልግም ነበር። ኬፓች የሚባለው የላይቭ ፓች መሥሪያ ኮዱን ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ኮምፓይል አድርጎ የወጡትን ፋይሎች ያነጻጽራል፤ ኢንላይን የገባው ለውጥም ጠሪዎቹ ላይ ይታያል። የኮምፓይለሩ ቨርዥንና የከርነሉ ኮንፊግ (የግንባታ ምርጫዎቹ) ግን ሰርቨሩ ላይ ያለው ከርነል ከተሠራበት ጋር አንድ መሆን አለበት። ጂሲሲ 9 ደግሞ እንደ ኢንላይንና ኢስራ ያሉ ለፍጥነት የሚደረጉ ማሻሻያዎችን የሚገድብ የላይቭ ፓች አማራጭ አምጥቷል። እኔ ግን ለአንድ ፓች ብዬ የመላውን ከርነል ፍጥነት ባልነካ እመርጣለሁ።

አሁን ኮድ ከመጻፌ በፊት ኦብጅደምፕ እከፍታለሁ፤ ጥሪዎቹንም አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ያን ቀን ሰርቨሩ ላይ ስጭነው ወደ አዲሱ ኮድ የሚደረገው ሽግግር ማለቁን የሚያሳየው የትራንዚሽን ፋይል ጥቂት 1 ላይ ቆየ። የተኙት ሂደቶች ከአሮጌው ኮድ እስኪወጡ ነው። 0 ሲሆን ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁት። በሰላም ጨረሰ።