ጀልባዋ ላይ በጠመኔ የተጻፈው ሰዓት

ክረምት ባሕር ዳር ላይ ለእኛ የሥራ ወቅት ነው። ቱሪስት ይቀንሳል፣ ጣና ይሞላል፣ ባለጀልባዎችም የተሰነጠቀውን ሁሉ ወደ እኛ ያመጣሉ። ሥራችን ፋይበር ግላስ ነው። የተጎዳውን ቦታ መፋቅ፣ ጨርቁን መቁረጥ፣ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ማጣበቂያ ከማጠንከሪያው ጋር አዋሕዶ መለጠፍ። ከዚያ መጠበቅ። ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ መቸኮል ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ መጠበቁን የሚለኩት በሲጋራ ነበር። የሬዚን ትነት በእሳት ይያያዛል፤ አጠገቡ መለኮስ አይታሰብም። ቤት ውስጥ ባለ የሥራ ቦታ ማጨስም በአዋጅ 1112/2011 የተከለከለ ነው። ስለዚህ ለጥፈው ሲጨርሱ እጃቸውን ጠርገው ወደ ሐይቁ ዳር ይወጣሉ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አንዱን ያጨሳሉ፣ ጀልባ ሲገባና ሲወጣ ያያሉ፣ ሌላ ይለኩሳሉ። ተመልሰው በጣታቸው ነካ ያደርጉታል። ስንት ሲጋራ ሲሆን እንደሚረጋ፣ ስንት ሲሆን ግራይንደር፣ ማለትም የመፋቂያ ማሽኑን፣ እንደሚችል ያውቁታል። ሲስቱ አላየሁም።

ሲጋራውን ያቆሙት በፍልሰታ መግቢያ ነው። ሳሉ ሌሊት ሌሊት ቤተሰቡን መቀስቀስ ጀምሮ ነበር። "ከጾሙ ጋር እገላገለዋለሁ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ግን ጾምና አራራ አንድ ላይ ሲመጡ ከባድ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለ፣ ሲጋራ የለ። ቀኑ አልመሽ አላቸው። "ስንት ሰዓት ሆነ?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ይጠይቃሉ። ፊታቸው ላይ የማየው ድካም ያሳዝነኝ ነበር።

በዚያ መሀል አንድ ባለጀልባ መጣ። ለነሐሴ 16 ምእመናን ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሊያሻግር ቀጠሮ ይዟል። የጀልባዋ ሆድ መዳፍ በሚያህል ስፋት ተሰንጥቋል። ጠዋቱ ካፊያ ነበር፤ ብርድና እርጥበት ሲኖር ሬዚን ይዘገያል። 4:15 ላይ ለጠፍንና እኔ ብርጭቆ ወረቀት ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ከበር ላይ የግራይንደር ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ልጣፉ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ገና እንደ ሙጫ ነው። ዲስኩ የጨርቁን ክር ይዞ ከጠርዙ ጀምሮ ገሽልጦታል። ክሩ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሟል፣ ያልረጋው ሬዚን ጋሼ ሽርጥ ላይ ተረጭቷል።

"ምነው ጋሼ?"

"ከሰዓት በላይ ሆነው እኮ!"

ስልኬን አሳየኋቸው። 4:40 ይላል። ጋሼ ማሽኑን አስቀምጠው ስልኩን ደጋግመው አዩት። ከልባቸው ነበር፤ በእሳቸው ስሜት ሰዓቱ አልፏል። ግማሽ ቀን ሙሉ ተለጣፊውን ስንፍቅ ዋልን። የባከነው ሬዚን ብዙም አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ "እጄ ከዳኝ፣ ሲጋራው ሳይሻለኝ አይቀርም" ማለታቸው ነው።

ማታ ነርስ ለሆነችው እህቴ ነገርኳት። ምንም አልገረማትም። ሲጋራ ያቆመ ሰው መጀመሪያ ላይ የጊዜ ግምቱ ይዛባል፤ አጭሩ ጊዜ ረጅም ሆኖ ይሰማዋል አለችኝ። በጥናትም የታየ ነው። ኒኮቲን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ብስጭቱ፣ መቁነጥነጡና ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻሉ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በርትቶ ከ3 እስከ 4 ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አንድ የአራራ ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ያ ጥቂት ደቂቃ ነው ለአጫሹ ግማሽ ሰዓት የሚመስለው።

በማግስቱ ለጋሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። እጃቸው እንዳልከዳቸው ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ አለ። ወዲያው ጠመኔ አነሡና ጀልባዋ ጎን ላይ የተለጠፈበትን ሰዓት ጻፉ። ከሥሩ የሚነካበትን ሰዓት። "ከዚህ በፊት ማሽን የነካ ወዮለት!" አሉ።

ወደ ሐይቁ ዳር መውጣታቸውን ግን እንዳይተዉ ለመንኳቸው። ሲጋራውን ሲያቆሙ እረፍቱንም አብረው ትተውት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ልጣፉ ላይ አፍጥጦ ለቆመ ሰው ጊዜው እንዴት ይሂድ? አሁን ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው አሮጌ ገመድ ይፈታሉ፣ ይቋጥራሉ። አራራው ሲመጣ ሰዓት ያያሉ። አንድ ቀን ከዚያው ሆነው ጠሩኝ። "አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር አራት ደቂቃ አልሞላም እኮ!" አሉ። እስከ ዛሬ ስንቱን አራት ደቂቃ እየፈሩ እንዳጨሱ ሲያስቡ ተናደዱ።

አንድ ነገር ብቻ ዘግይተን ደረስንበት፤ ቡናውን። ከጾሙ ፍቺ በኋላ እንደ ልማዳቸው ሦስት ስኒ ሲጠጡ ልባቸው ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ይህንንም አራራ ነው ብለው ነበር። የሲጋራ ጭስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ጭሱ ሲቀር የለመዱት ቡና ሰውነት ውስጥ የበለጠ ይቆያል፣ ይበረታል። እህቴ በግማሽ ይቀንሱ አለች። በጎጃም ቤት ቶናና በረካን ትቶ መነሣት ቀላል አይደለም፤ አፍይዋም ትቀየማለች። ጋሼ ምክንያቱን አስረዷቸውና ከአቦሉ በኋላ ይነሣሉ። እንቅልፋቸው ተመልሷል።

ጀልባዋን ግን ከፍቺው በፊት፣ በነሐሴ 15 ማታ አስረክበን ነበር። ባለቤቱ ጎኗ ላይ የቀረውን ጠመኔ ሊጠርግ ሲል ጋሼ ምን እንደሆነ ነገሩት። እሱም አጫሽ ነው። ከኪሱ ፓኮውን አውጥቶ አየውና "መጀመሪያው ሳምንት ነው የሚከብደው?" ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡትና ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይነግሩት ገቡ።